ስሙን ተዉት፣ መልኩን ንገሩኝ

ባለፈው ክረምት ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ተንቀጥቅጧል፣ የስልኩ ፍላሽም አንጸባርቆበታል። ጠይም ቆዳ ይታያል፤ መሃሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። በቃ። ከሥሩ «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው መሰለኝ፣ ምን ልቀባ?» ብላ ጽፋለች።

ጤና መኮንን ነኝ፤ የቆዳ ስፔሻሊስት አይደለሁም። ቤተሰብ ግን ይሄን ልዩነት አያውቅም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ከፎቶው ምንም ስላልገባኝ ጥያቄ ጀመርኩ።

«የት ነው የወጣብሽ?»

«ጎኔ ላይ፣ ከጡቴ ሥር። ወደ ጀርባዬ ይዞራል።»

«በሁለቱም በኩል ነው?»

«ኧረ በግራ ብቻ።»

«ከመውጣቱ በፊት ምን ይሰማሽ ነበር?»

«ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እሳት ሲያቃጥለኝ ነበር። ኩላሊቴ ነው ብዬ ውሃ ስጠጣ ነው የከረምኩት። ከዚያ ትናንት ማታ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተሰብስበው ወጡ።»

እዚህ ላይ ፎቶው አላስፈለገኝም። አልማዝ ባለጭራ ነው። ልጅ እያለን ጉድፍ የሚያስይዘን ቫይረስ ከዳንን በኋላ ከሰውነት አይወጣም። ነርቭ ሥር ተደብቆ ዓመታት ይቀመጣል። ሰውነት ሲደክም በአንድ ነርቭ መስመር ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ያ ነርቭ የሚያገለግለው ግማሽ ጎንን ስለሆነ ሽፍታው የአከርካሪውን መስመር አይሻገርም። ሸረሪት እንዲህ ዓይነት የድንበር ጠባቂ አይደለችም። መድኃኒቱ ደግሞ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። የአክስቴ ልጅ በማግሥቱ ክሊኒክ ሄደች፣ ደረሰችበት። «ሸረሪት ነው» ብላ የጥርስ ሳሙና ስትቀባ ብትሰነብት ኖሮ አትደርስም ነበር።

ችግራችን እዚህ ጋ ነው። ቆዳችን ላይ የሆነ ነገር ሲወጣ መጀመሪያ የምንፈልገው ስም ነው። ስሙ ከተገኘ ቅባቱ ይከተላል። አማርኛ ደግሞ ለቆዳ ሕመም ስም አያጣም፦ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ችፌ፣ ብጉንጅ፣ ማድያት፣ እከክ፣ ምች። ስሞቹ ቆንጆ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን አንድ ስም ለሁለት በሽታ ነው። ኪንታሮት ያለኝ ሰው ጣቱን ያሳየኝ ይሆን ወይስ ሱሪውን ያወልቅ ይሆን፣ እስኪጀምር ድረስ አላውቅም። ምች የሚባለው አንዳንዴ ከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዳማከሴ የሚሸተትለት ራስ ምታትና ትኩሳት። ሽፍታማ ጭራሽ ጫካ የገባ ወንበዴም ነው። ሁለቱም «ወጣ» ነው የሚባሉት።

ስም ፍርድ ነው፣ ቶሎ ይዘጋል። መልክን መናገር ግን ነገሩን ክፍት ያቆየዋል። የቆዳ ሐኪሞች ትልቁ ሙያቸው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፦ ስሙን ከመጥራታቸው በፊት ያዩትን በቃል መሣል።

ለመጀመር ዓይን እንኳ አያስፈልግም። ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን ቀስ አድርገህ አሳልፍበት። ጣትህ ምንም ካላገኘ ለውጡ የቀለም ብቻ ነው፤ ማድያት እንደዚያ ነው። ጣትህን ካደናቀፈው ተነስቷል። የተነሳው ምን ያህል ነው? ምስር ያክላል? ሽምብራ? ባቄላ? ሐኪሞች ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትርን ድንበር አድርገው ትንሹንና ትልቁን በተለያየ ስም ይጠራሉ፤ እኛ ግን ጓዳችን ውስጥ ካለው እህል የተሻለ መለኪያ አያስፈልገንም። ጫን ስትለው ጠንካራ ነው ወይስ ውስጡ ፈሳሽ አለ? ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነው ወይስ መግል? ላዩ ለስላሳ ነው ወይስ ይፈረፈራል፣ ቅርፊት ይዟል? ዳሩ በቢላ እንደተቆረጠ የለየ ነው ወይስ እየደበዘዘ ከጤነኛው ቆዳ ጋር ይቀላቀላል?

ሰዓትም የመልኩ አካል ነው። ቁንጫ እንደነከሰው ተነፋፍቶ የሚያሳክክ ነገር ከወጣብህ እስክሪብቶ አምጣና ዙሪያውን አስምር። በማግሥቱ ከመስመሩ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከወጣ አለርጂ የሚያመጣው ተንቀሳቃሽ ሽፍታ ነው፤ አንዱ ከ24 ሰዓት በላይ ባለበት አይቆይም። እዚያው ከሰነበተ ሌላ ታሪክ ነው። ሐኪሙ አንተን የሚያይህ አሥር ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ያደረው ቆዳህ ከአንተ ጋር ነው።

ነጣ ያሉ ምልክቶች ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ላይ ስም የሰው ሕይወት ሲያበላሽ በዓይኔ አይቻለሁና።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን የቆዳ ሐኪም ሆናችሁ አንብቡት። ካህኑ ሰውየውን ያያል። ቦታው ከቆዳው ጠልቋል? በላዩ ያለው ጠጉር ነጥቷል? ካላረጋገጠ ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየውና ደግሞ ያያል፤ ሰፍቷል ወይስ ባለበት ነው? ይሄ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የምንሠራው ምርመራና ቀጠሮ ነው። የሚገርመው ደግሞ ከራስ እስከ እግር ሙሉ በሙሉ የነጣውን ሰው ካህኑ «ንጹሕ ነው» ይለዋል። መጽሐፉ መልኩን እንዲህ እየለየ ሲያስቀምጥ እኛ ግን ስሙን ብቻ ይዘን ቀረን፦ ለምጽ። ዛሬ በአማርኛ ለምጽ ስንል ቆዳው ቀለሙን ያጣ፣ የማይተላለፍ ነገር ማለታችን ነው። የንዕማን ለምጽ ሲነበብ ግን ብዙ ሰው ሥጋ ደዌን ያስባል። ሁለቱ በአንድ ስም ስለተጠሩ ለምጽ ያለባት ልጅ ጎን መቀመጥ የሚፈሩ ሰዎች አሉ። እንጀራዋን የማይበሉላት አሉ።

መልካቸው ግን አይገናኝም። ለምጽ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ዳሩ የለየ ነው፣ አይፈረፈርም፣ ሲነኩት ይሰማል። ከንፈር ዙሪያ፣ ዓይን ዙሪያ፣ ጣቶች ጫፍ ላይ መውጣት ይወዳል። የሥጋ ደዌው ደግሞ ሙሉ ነጭ አይሆንም። ፈዘዝ ብሎ ደብዛዛ ነው፣ ላብ አያወጣም፣ ጠጉሩ ይሳሳል። ዋናው ግን ስሜት ማጣቱ ነው። ጥጥ ወስደህ ጫፉን አሹለው። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን፤ በነካኸው ቁጥር በጣቱ ቦታውን ያሳይህ። ጤነኛው ቆዳ ላይ ያሳይሃል። ምልክቱ ላይ ስትነካው ዝም ካለ፣ ጥጡ መልሱን ሰጥቶሃል። ማሽን የለውም፣ ዋጋ የለውም። እናት ድስት ስታወርድ እጇ ተቃጥሎ ሳይሰማት ከቀረም ያው ነው።

ሦስተኛው ቋቁቻ ነው። ደረት፣ አንገትና ጀርባ ላይ ይወጣል፤ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ፈንገስ ነው። አራተኛው ሕፃናት ጉንጭ ላይ የሚወጣው ደረቅ፣ ዳሩ የማይለይ ንጣት ነው። የቫይታሚን እጥረት ነው እየተባለ ይወራበታል። ብዙ ጊዜ ቀላል የችፌ ዓይነት ነው፣ ቅባት እየተቀባ ይተዋል። አራቱም «ነጭ ነጭ ነገር ወጣበት» ተብለው ነው በሬን የሚያንኳኩት።

ሥጋ ደዌ ደግሞ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ባክቴሪያውን ሐንሰን የተባለው ኖርዌያዊ ሐኪም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ እንዲሆን ነበር። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወር ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል። ሆኖም አገራችን ውስጥ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። ጥጡ በጊዜ ቢወጣ ኖሮ ጣቱን ሳያጣ የሚድን ሰው ስንት ነው እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ቀለም። በየመጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» የሚል ታገኛላችሁ። ቀይ በማን ቆዳ ላይ? የቆዳ ዓይነት የሚለካበት ታዋቂው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የነበሩት አራት ደረጃዎች ለነጭ ቆዳ የተሠሩ ነበሩ። ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5 እና 6 ተብሎ በኋላ ተጨመረ። የሕክምና ትምህርት ቤት የተማርንባቸው ፎቶዎችም አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ነበሩ። እኛ ቆዳ ላይ ያ ቀይ የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ይመጣል። በጠይም ሰው ላይ አይጠፋም፤ በጥቁር ሰው ላይ ግን ብርሃን ካልተስተካከለ ዓይን ያልፈዋል። ስለዚህ ቀዩን መፈለግ ትቼ በእጄ ጀርባ ሙቀቱን እዳስሳለሁ። እብጠቱን አያለሁ። «በፊት እዚህ ቦታ ቆዳሽ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ያውቃል።

አንዱ ጋ ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ትኩሳት ይዞት አንገቱ የደረቀ ልጅ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ከወጣበት የመስተዋት ብርጭቆ ተጫንበት። ሌላው ሽፍታ በብርጭቆው ሥር ይደበዝዛል፤ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ግን አይጠፋም። ጥቁር ቆዳ ላይ ይሄን ለማየት መዳፍ፣ የእግር ውስጥ፣ የዓይን ሽፋን ውስጥና ላንቃ ላይ መፈለግ ነው። ካልጠፋ ቁርስ አትጠብቅ፣ ልጁን ይዘህ ሩጥ። ነጠብጣብ ባይኖርም አንገቱ ከደረቀ ያው ሩጥ።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ ሁለት ነገር ገጠመ። የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎችን ዓለም አቀፍ የጤና ትኩረት የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ፤ በዓለም ላይ በማንኛውም ጊዜ 1.8 ቢሊዮን ሰው የቆዳ ችግር እንዳለበት ይገመታል። በዚያው ወር አገራችን የመጀመሪያውን የኤምፖክስ ታማሚ ሞያሌ ላይ ማግኘቷን አስታወቀች። የመጀመሪያውን ዜና ስንት ሰው እንዳነበበው እንጃ። ሁለተኛው ግን ስልኬን አጨናነቀው። በዚያ ሰሞን የማውቀው ሰው ሁሉ ብጉሩን ፎቶ አንስቶ «የዝንጀሮ ፈንጣጣ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ኤምፖክስን ከጉድፍ የሚለየው መልክ ነው። ጉድፍ ደረትና ሆድ ላይ ይበዛል። በየቀኑ አዲስ ስለሚወጣ አንድ ቦታ ላይ ነጠብጣብ፣ ውሃ የቋጠረና ቅርፊት የያዘ ጎን ለጎን ታያለህ። ኤምፖክስ ላይ ግን አንድ ቦታ ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ እኩያሞች ናቸው፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይጠነክራሉ። ጠለቅ ያሉ ናቸው፣ መሃላቸው እንደ እምብርት ይጎደጉዳል። መዳፍና የእግር ውስጥ ላይም ይወጣሉ፤ ብልት አካባቢ ብቻ ተወስነው የሚገኙበትም አለ። አንገት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይኖራል፤ ጉድፍ ላይ ይሄ እምብዛም ነው። የማያጠራጥር መልስ የሚሰጠው ላቦራቶሪው ነው። ማን ቶሎ ላቦራቶሪ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ግን ይሄ ዕይታ ነው።

ይሄ ዕይታ አዲስ አይደለም። ፈንጣጣ ከዓለም የጠፋው በክትባት ብቻ ሳይሆን በመለየትም ነው። የዘመቻው ሠራተኞች ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይዞሩ ነበር። በኢትዮጵያ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው። በዓመቱ፣ ጥቅምት 1977 ላይ፣ ሶማሊያ መርካ ከተማ አሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ሽፍታ ሲወጣበት ጉድፍ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ዘመቻው በተሟሟቀበት አገር፣ በተሳሳተ ስም ተሸኘ። ደግነቱ እሱ ዳነ፣ በሽታውም ከእሱ አልወጣም።

መልክ የሚያጠፋው ግን ራሳችን የምንቀባው ነገር ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለች እናት የሰባት ዓመት ልጇን አንገት አሳየችኝ። መጀመሪያ የነበረው ጭርት መሆኑን ከአፏ ሰማሁ፦ ክብ፣ ዳሩ የተነሳና የሚፈረፈር፣ መሃሉ የጠራ። «ሱቅ ያለችው ልጅ የሰጠችኝን ቀባሁት፣ በሦስት ቀን ጸጥ አለ። ስተወው ባሰበት።» ቱቦውን አምጪ አልኳት። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ማሳከኩንና እብጠቱን ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ እንዲያውም የሚከላከልለትን የሰውነት ኃይል ያስተኛለታል። ክቡ ዳሩን አጥቶ ጀርባው ድረስ ተንሰራፍቷል። ያንን መልክ አይቶ ጭርት ነው የሚል የለም። እኔም የእናትየውን ወሬ ባልሰማ ችፌ ነው ብዬ ሌላ ስቴሮይድ አዝዤ ነበር። ያው ቱቦ ፊት ለማቅላት ተብሎም ይሸጣል። ለወራት የተቀባው ፊት ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ አንቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እንቆጣለን።

ቁንጭርን ሳልጠቅስ ባልፍ የደጋ ሰው ይቀየመኛል። ገደልና ዋሻ ባለበት፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ደጋ አካባቢ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ ነው። የልጁ አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ይጀምራል። አያምም። አያሳክክም። ይሄ ነው ተንኮሉ፤ ስለማያም ማንም አይቸኩልም። በወራት ውስጥ እያደገ ቅርፊት ይይዛል። ብዙው ከዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ ይድናል፣ ፊት ላይ ግን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። የማይድን፣ ፊትን ሁሉ የሚያሳብጥ ዓይነትም አለ። «ንክሻ ነው» ከተባለ ከወር በላይ የቆየ ንክሻ የለም። ይህችን ብቻ ያስታወሰ ወላጅ ልጁን በጊዜ ያደርሳል።

ማርያም የሳመችውስ? ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ያልተለወጠ ጥቁር ነጥብ አያስጨንቅም። የምፈራው አዲስ የመጣውንና የሚለወጠውን ነው። የቆዳ ካንሰር ስንል ፀሐይ ያቃጠለው ነጭ ቆዳ ይታወሰናል። ጥቁር ሰው ላይ ግን ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ተደብቆ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በእግር መርገጫና በጥፍር ሥር ነው። ገርጂ ሐውልቱን ያቆምንለት ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 የእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይሄ ነበር። የኳስ ጉዳት ይመስል ነበር። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ሳትመታ የጠቆረ፣ እየሰፋ የሚሄድ የጥፍር መስመር ካየህ ጫማህን አውልቀህ አሳይ።

ፎቶ መላክ ካለባችሁ እንግዲህ በወግ ይሁን። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፍላሹ ጠፍቶ። አንዱን ከሩቅ፣ የሰውነታችሁ የት ቦታ እንደሆነ የሚያሳይ። አንዱን ከቅርብ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ። ምንም ሳትቀቡ። ከሥሩ ደግሞ ስም ሳይሆን ታሪክ ጻፉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ሴት ከባሕር ዳር የላከችልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ፎቶ የለውም። «ሦስት ሳምንት ሆነው። የእጅ ጣት መሃል፣ አንጓ ላይና ወገብ ላይ ነው። ምስር የሚያካክሉ የተነሱ ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ አጭር የተጠማዘዘ መስመር አለ። ቀን ደህና ነው፣ ሌሊት አያስተኛም። ልጄም ጀምሮታል፣ ሠራተኛዬም ታካለች። ምንም አልቀባሁም።» ምንነቱን አልጻፈችም። መጻፍም አላስፈለጋትም፤ ጣት መሃል፣ ሌሊት፣ መላው ቤት፤ እከክ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እንዲታከምና በሳምንቱ እንዲደግም፣ ልብስና አንሶላውም በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ መለስኩላት። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችልም ነገርኳት።

ማታ ላይ ሌላ መልእክት መጣ። «አከራያችን የእኔ ቤት ንጹሕ ነው ብለው አይታከሙም፤ ልጃቸው ግን ሌሊት ስታክ ይሰማኛል።»

«በየትኛው ቦታ ነው የምታከው?» አልኳት።

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለች።